የፈረሰ ዕቅድና የእግዚአብሔር አሳብ

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ኮር ዊሊያም የሚባል ሰፈር አለ። «ኮር» በሱዳን ዐረብኛ በበጋ ደርቆ የሚሰነብት፣ ዝናም ሲጥል ግን ጎርፍ የሚወርድበት ፈፋ ማለት ነው። በዚያ ሰፈር የሚኖር፣ ለእንጀራ ፍለጋ ከአገሩ የወጣ አንድ ወንድማችን ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብዳቤ ጻፈልኝ። ደብዳቤው ረዥም አልነበረም፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ ከአሳቤ አልተለየምና ከእናንተ ጋር ልመረምረው ወደድሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ2005 የሰላም ስምምነት በኋላ (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው) ብዙ ኢትዮጵያውያን ለንግድና ለሥራ ወደ ጁባ ወረዱ። ከእነርሱም መካከል ወንጌልን የሚወዱ ጥቂቶች በአማርኛ የሚጸልዩበትና የሚዘምሩበት አንድ ቤት እንዲኖራቸው ተመኙ። ጾሙ፤ ጸለዩ፤ ገንዘብም አዋጡ። መንገድ ዳር ሻይ ከምትሸጠው እኅት ጀምሮ የሆቴል ባለቤት እስከሆነው ነጋዴ ድረስ ሁሉም እንደ ዐቅሙ ሰጠ። ከዚህም በኋላ ቤት አግኝተው የዓመቱን ኪራይ አስቀድመው ከፈሉ፤ ወንበርም አሠሩ። በ2016 ክረምት ግን በጁባ ውጊያ ተነሣና ማኅበርተኞቹ ተበተኑ፤ አንዳንዱ ወደ አገሩ፣ አንዳንዱም ወደ ኡጋንዳ ሸሸ። ነገሩ ጋብ ሲል የተመለሱት ጥቂቶች ቤቱን ሌላ ሰው ገብቶበት አገኙት። የከፈሉትም ገንዘብ አልተመለሰላቸውም።

ወንድማችን ሲጽፍ፦ «ዕቅዱ ከእግዚአብሔር ከነበረ ስለ ምን ፈረሰ? ከእግዚአብሔር ካልነበረስ ጸሎታችንን እየሰማ ስለ ምን ዝም አለን?» አለ። ከዚያም ዝቅ ብሎ፦ «አንዳንዶቻችን የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብለው ነገሩን ሊዘጉት ይወዳሉ። እኔ ግን ይህ ቃል እምነት ይሁን ማምለጫ መለየት አቃተኝ» ሲል ጨመረ።

ይህ ሁለተኛው ቃል ከፊተኛው ይልቅ ከብዶኛል። እግዚአብሔር የሠራውን አለማየት አንድ ዕውርነት ነው፤ እርሱ ያልሠራውን በእርሱ ስም ማተም ደግሞ ሌላ ዕውርነት ነው፤ ሁለቱም በጉባኤያችን መካከል ይገኛሉ።

መልሱን ከሩቅ ከመፈለግ ከዚያው ከወንድማችን ደጅ እንጀምር። ዛሬ ደቡብ ሱዳን የምንለው አገር የሱዳን ክፍል በነበረበት ጊዜ ጁባ የኢኳቶሪያ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። በ1960 መንግሥቱ በደቡቡ ክፍል የዕረፍት ቀን ከእሑድ ወደ ዓርብ እንዲዛወር አዘዘ፤ በ1962 የሚስዮኖችን ሥራ በፈቃድ ብቻ የሚያስኬድ ሕግ አወጣ፤ በ1964 ደግሞ የጄኔራል ኢብራሂም አቡድ መንግሥት ከሦስቱ የደቡብ ጠቅላይ ግዛቶች የውጭ አገር ሚስዮናውያንን ሁሉ አስወጣ። የወጡት ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች በአንድነት 300 ያህል ነበሩ። በብዙ ድካም የተዘረጋው ዕቅድ በጥቂት ቀን ውስጥ ተጠቀለለ።

ያ ዕቅድ ቀድሞውንም ቢሆን በሁሉ ስፍራ አልሰመረም ነበር። ከጁባ በስተ ሰሜን በነጭ ዐባይ ዳር ማሌክ በሚባል ቦታ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሚስዮን ሰዎች በ1906 በቦር ዲንካዎች መካከል ሰፈሩ። ከመጀመሪያዎቹ መልእክተኞች ብዙዎቹ ሳይቆዩ ተመለሱ፤ አርኪባልድ ሾው የተባለው ሰው ግን ጸንቶ ቀረ። የመጀመሪያው ዲንካ የተጠመቀው በ1916 ነው፤ ይኸውም ከ10 ዓመት ድካም በኋላ ማለት ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን ሕዝቡ ልቡን ለከብቶቹና ለአባቶቹ አምልኮ ሰጥቶ፣ ወንጌልን የተማሪ ቤት ልጆች ጉዳይ ብቻ አድርጎ ይመለከተው ነበር። የሚስዮኑ ጸሐፊዎች በየዓመቱ ለበላዮቻቸው የሚልኩትን መግለጫ ሳስብ ያሳዝኑኛል፤ ምን ብለው ይጻፉ?

እንግዲህ በ1983 ጦርነቱ እንደ ገና ሲነሣ፣ ሚስዮናዊም ገንዘብም ሳይኖር፣ የጸሎት ቤቶች ሲቃጠሉና መንደሮች ሲበተኑ፣ ያ ሕዝብ በብዙ ሺህ ሆኖ ወደ ክርስቶስ ተመለሰ። የቦሩ ኤጲስ ቆጶስ ናትናኤል ጋራንግ ከሕዝባቸው ጋር በዱር ቀርተው ያጠምቁ ነበር። በስደት ወደ አገራችን ወደ ጋምቤላ ምድር በመጡት ሰዎች መካከል፣ በኢታንግና በፒኙዶ ሰፈሮች፣ ማንም ያላቀደው የጸሎት ጉባኤ በየዛፉ ጥላ ተሰበሰበ። አዲስ መዝሙርም ተወለደ፤ ደራሲዎቹም ከነገረ መለኮት ትምህርት ቤት የወጡ ሊቃውንት ሳይሆኑ ወጣቶችና ሴቶች ነበሩ። ከእነርሱም መካከል የሜሪ አሉኤል ጋራንግ መዝሙሮች በዲንካ ምእመናን ዘንድ እጅግ የታወቁ ናቸው። መዝሙር የምንወድ ሰዎች ስለሆንን ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልሆነልኝም።

ይህን ታሪክ፣ ወይም ይህን የሚመስለውን የወላይታን ታሪክ፣ ከመድረክ ላይ ሲነገር ሳትሰሙ አልቀራችሁም። በጣሊያን ወረራ ዘመን በ1937 ሚስዮናውያኑ ሲወጡ የተጠመቁት መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ሲመለሱ ግን በብዙ ሺህ ሆነው አገኟቸው። ሰባኪውም፦ «አያችሁ? እግዚአብሔር ያን ሁሉ ያደረገው ለዚህ ነበር» ብሎ ይደመድማል። እኔም ራሴ እንዲህ ብዬ ሰብኬአለሁ። አሁን ግን እንደዚያ ብዬ ለመስበክ ምላሴ አይታዘዝልኝም።

ምክንያቱን ልናገር። በ1991 በግንቦት ወር የደርግ መንግሥት ሲወድቅ እነዚያ የሱዳን ስደተኞች ከኢትዮጵያ ሰፈሮቻቸው ሸሹ። ከፒኙዶ የወጡት የጊሎን ወንዝ መሻገር ነበረባቸው፤ ወንዙም ሞልቶ ነበር። ያለ ወላጅ ያደጉ ብዙ ልጆች ግማሾቹ በውሃው ተወሰዱ፣ ግማሾቹም በጥይት ሞቱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ በቦር ምድር ብዙ ሕዝብ ታረደ፤ ከብቱም ተነዳ። ቤተ ክርስቲያን ያደገችው በዚህ ሁሉ መካከል ነው። ታዲያ በጊሎ ዳር ቆሞ ወንድሙን ውሃ ሲወስደው ያየውን ልጅ፣ «ይህ የሆነው ቤተ ክርስቲያን እንድትበዛ ነው» የሚለው ማን ነው? እንዲህ የሚል ሰው እግዚአብሔርን ያከበረ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን እግዚአብሔርን የወንዙ ተካፋይ ያደርገዋል።

ዶክተር ማርቲን ሉተር በ1518 በሃይደልበርግ በተደረገው ክርክር በሁለት ዓይነት የነገረ መለኮት መምህራን መካከል ለይቷል። አንደኛው እግዚአብሔርን በብርታትና በመከናወን ውስጥ ብቻ ይፈልገዋል፤ ስለዚህ መከራ ሲደርስበት ወይ ይክደዋል፣ ወይም መከራውን በያማረ ቃል ሸፍኖ መልካም ነገር ነው ይላል። ሁለተኛው በመስቀሉ ላይ የተሰወረውን እግዚአብሔርን አይቷልና ክፉውን ክፉ ብሎ ለመጥራት አይፈራም። ይህ ትምህርት በካቴኪዝም ጊዜ ስንማረው ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን በእኛ ጉባኤዎች ዘንድ የፊተኛው መምህር ይበልጥ ይደመጣል፤ እርሱ ቶሎ ያጽናናልና።

የዮሴፍን ታሪክ ታውቁታላችሁ። እርሱ ለወንድሞቹ የነገራቸው ሁለት ነገር ነው፤ እነርሱ ያሰቡት ክፉ እንደ ነበረ፣ እግዚአብሔር ግን በዚያው ነገር ላይ በጎ እንዳሰበ። በጎው ስለ መጣ ክፉው ስሙ አልተለወጠም። ደግሞም ይህን ቃል የተናገረው ማን እንደሆነ አስተውሉ። የተሸጠው ነው እንጂ የሸጡት አይደሉም። ወንድሞቹ ገና ብሩን ተካፍለው ሲመለሱ «እግዚአብሔር ለበጎ ነው ያደረገው» ብለው ቢሆን ኖሮ ስድብ በሆነባቸው ነበር። እንዲህ ያለውን ቃል የመናገር መብት አስቀድሞ የተጎዳው ሰው ነው፤ እርሱም ቢሆን ከብዙ ዓመትና ከብዙ ልቅሶ በኋላ ነው የተናገረው። የጊሎውም ልጅ አንድ ቀን ይህን ቢናገር ባርኔጣዬን አውልቄ እሰማዋለሁ። እኔ ልናገርለት ግን አይገባኝም።

ይህን ካልሁ በኋላ፣ የእግዚአብሔር እጅ ከቶ አይታይም ማለቴ እንዳልሆነ ለማስረዳት ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ። እኛ የመካነ ኢየሱስ ልጆች የምንወለደው ከፈረሰ ዕቅድ ነውና።

በስቶክሆልም የተቋቋመው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን የመጀመሪያዎቹን ሦስት መልእክተኞች በ1866 ወደ ምጽዋ ላከ። ዕቅዳቸው ወደ ኦሮሞ ሕዝብ መሄድ ነበር። ነገር ግን የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሊፈጸም የተቃረበበት፣ አገሩም የታወከበት ጊዜ ነበርና መንገዱ ተዘጋባቸው። ስለዚህ ወደ ኩናማ ቈላ ወረዱ፤ በዚያም ከእነርሱና በኋላ ከተከተሏቸው መካከል አንዳንዶቹ በንዳድ ሞቱ፣ የተገደሉም ነበሩ። የተረፉት ያን ስፍራ ትተው ወደ ምጽዋ ተመለሱ፤ ሊያልፉበት ብቻ ባሰቡት በዚያ ሞቃት ወደብ ተቀምጠው ተማሪ ቤት ከፈቱ። በስዊድን አገር ገንዘብ ያዋጡ ገበሬዎች ይህን ሲሰሙ ምን እንዳሉ መገመት አያስቸግርም።

በ1870 ግን ከኢሉባቦር በባሪያ ነጋዴዎች ተሰርቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ወደ ባሕሩ ዳር የደረሰ፣ ሂካ የሚባል አንድ የኦሮሞ ልጅ በምጽዋ ነፃ ወጥቶ ወደ እነርሱ ተማሪ ቤት ገባ። በ1872 በፋሲካ ቀን ተጠመቀ፤ ስሙም አናሲሞስ ተባለ። ሊደርሱበት ያልቻሉት ሕዝብ በአንድ ልጅ መልክ እስከ ደጃቸው መጣ።

ነገር ግን በዚህ ያበቃ እንዳይመስላችሁ፤ ዕቅድ መፍረሱ ገና ነው። አናሲሞስ በስዊድን ተምሮ ከተመለሰ በኋላ ወደ ወገኖቹ ለመግባት ከጓደኞቹ ጋር የመረጠው መንገድ የሱዳን መንገድ ነበር። ዐባይን ተከትለው ወጡ፤ በቤኒሻንጉል ጠረፍ እስካለችው ፋማካ ድረስ ደረሱ፤ ከዚያ ግን ማለፍ አልሆነላቸውም። አናሲሞስ በንዳድ ታሞ በ1882 ወደ ካርቱም ተመለሱ፤ ያን ጊዜም የማሕዲ ዐመፅ መቀጣጠል ጀምሮ ነበር። እንደ ገና በሌላ መንገድ ሞከሩ፤ በ1886 እስከ እንጦጦ ድረስ ገቡ፤ ነገር ግን ወደ ፊት እንዲያልፉ ስላልተፈቀደላቸው ተመለሱ። በትውልድ አገሩ አፋፍ ሁለት ጊዜ ደርሶ ሁለት ጊዜ ፊቱን ወደ ባሕር የመለሰውን ሰው አስቡት።

በዚያው በ1886 ከባሪያ መርከብ የተለቀቁ የኦሮሞ ልጆች በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወዳለው ተማሪ ቤት መጡ፤ ከእነርሱም አንዲቱ አስቴር ጋኖ ነበረች። አናሲሞስ በሕፃንነቱ ከአገሩ ስለተወሰደ የእናቱን ቋንቋ በሙላት አላወቀም ነበር፤ እርስዋ ግን ቃሉንም ተረቱንም ዜማውንም በልብዋ ይዛ መጥታለች። አብረው ሠሩ፤ አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ታተመ። አናሲሞስ በመጨረሻ ወደ ወለጋ የገባው በ1904 ነው፤ ያን ጊዜ ግን ባዶ እጁን አልገባም፤ መጽሐፉን ይዞ ገባ። በፋማካ መንገዱ ተከፍቶለት ቢሆን ኖሮ ምን በሆነ ነበር? ሊሰብክ ይችል ነበር፤ መጽሐፉ ግን አልነበረም፤ አስቴርንም አያገኛትም ነበር።

ይህን ስጽፍ ልቤ ደስ ይለዋል፤ ደስታዬንም አልደብቅም። ነገር ግን እዚህም ላይ ዮሴፍን አልረሳም። ባርነቱ ባርነት ነበር፤ በኩናማ ቈላ የተቀበሩት ሰዎች አስቴርን አላዩአትም፤ መጽሐፉንም በእጃቸው አልዳሰሱም። እነርሱ የሞቱት ዕቅዱ እንደከሸፈ አውቀው ነው። አሳቡን ያየነው እኛ ነን፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን እነርሱ ናቸው።

የከፈሉት ሁሉ ደግሞ ተከታይ ታሪክ የሚያገኝላቸው አይደለም። በ1963 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት በአዲስ አበባ የተመረቀው፣ የሉተራውያን የዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ እስከ ሩቅ ምሥራቅ አገሮች ድረስ በብዙ ቋንቋ ይናገር ነበር። በ1977 በመጋቢት ወር ደርግ ወረሰው፤ በዚያው መሣሪያም የአብዮቱን ነገር ተናገረበት። ጣቢያው ለቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1979 በሐምሌ ወር ከጸሎት ሲወጡ ተወሰዱ፤ ከአገር ሊወጡ የሚችሉበት ዕድል ሳለ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው የቀሩ ሰው ነበሩ። ዐፅማቸው የተገኘው መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ነው። በእነዚህ ነገሮች ላይ የእግዚአብሔር አሳብ ምን እንደ ነበረ ሲጠይቁኝ ዝም እላለሁ። የጣቢያው መወረስ ለዚህ ወይም ለዚያ ጠቀመ የሚል ብልህ ሰው ባገኝ አላምነውም።

እንግዲህ ወደ ወንድማችን ጥያቄ ልመለስ። ጸሎታችንን እየሰማ ስለ ምን ዝም አለ? ብሏል። ንጉሥ ዳዊት የእግዚአብሔርን ቤት ሊሠራ ባሰበ ጊዜ ነቢዩ ናታን በልብህ ያለውን ሁሉ አድርግ፣ እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ነው ብሎት ነበር። በዚያች ሌሊት ግን ነቢዩ ራሱ የተናገረውን ቃል እንዲመልስ ታዘዘ። ነቢይ ሳለ፣ በጎ ልብ ሳለው፣ ተሳስቶ ነበር። የዳዊትም ምኞት አልተነቀፈም፤ ነገር ግን አልተፈጸመለትም። ሐዋርያው ጳውሎስም ወደ እስጳንያ ሊሄድ አቅዶ በመንገዱ ሮሜን ሊጎበኝ ለሮሜ ሰዎች ጽፎ ነበር፤ ሮሜ የደረሰው ግን በሰንሰለት ታስሮ ነው። ስለዚህ ዕቅድ ሁሉ ወይ የእግዚአብሔር ነው፣ ወይም አይደለም ብለን በሁለት ቅርጫት ብቻ መክፈላችን ከመጽሐፍ የተማርነው አይደለም። በጸሎት የተጀመረ፣ እግዚአብሔርም የወደደው፣ ነገር ግን ሳይፈጸም የቀረ ሥራ አለ።

ይህን በጻፍሁለት ጊዜ ወንድማችን ያላሰብሁትን ሌላ ደብዳቤ መለሰልኝ። ኪራዩን ሲከፍሉ ውል በጽሑፍ አልተዋዋሉም ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች «የዓመቱን በአንድ ጊዜ አትክፈሉ፤ በየሦስት ወሩ ይሁን» ብለው መክረው ነበር፤ ኮሚቴው ግን ይህን የእምነት ጉድለት ነው ብሎ ናቀው። እርሱ ራሱም ከኮሚቴው አንዱ ነበር። የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው እያሉ ነገሩን ሊዘጉ የወደዱት እነማን እንደ ነበሩ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሐዋርያው ያዕቆብ ጌታ ቢፈቅድ የሚለውን ቃል ያስተማረን ገና ዛሬና ነገ ወደዚህ ከተማ እንሄዳለን እያልን ስናቅድ እንድንለው ነው። እኛ ግን ስናቅድ እንረሳውና ነገሩ ከፈረሰ በኋላ እናነሣዋለን። ቀድሞ ቢነገር ትሕትና የሚሆን ቃል፣ በኋላ ሲነገር መጋረጃ ይሆናል። በኮር ዊሊያም የሆነው ሦስት ነገር ነው፤ የጦርነት ክፋት፣ የአንድ ሰው በደል፣ የኮሚቴውም ቸልታ። እነዚህን አንድ ላይ ጠቅልሎ በእግዚአብሔር ስም ማሰር ለጦርነቱም ለበዳዩም ለኮሚቴውም ምሕረት አይደለም። ንስሐ ሊገባበት የሚችለው በስሙ የተጠራ ጥፋት ብቻ ነውና።

ስለዚህ የጻፍሁለት ምክር አጭር ነበር። የእግዚአብሔርን አሳብ ለጊዜው ተወው፤ እርሱ አይጠፋም። አንተ ግን ገንዘብ ያዋጡትን፣ በጁባ የቀሩትን ሰብስብ፤ ለሄዱትም ጻፍላቸው፤ ምን ያህል እንደተሰበሰበ፣ ምን ያህል እንደተከፈለ፣ ማን እንደ መከረና ማን እንዳልሰማ ንገራቸው፤ ከዚያ በኋላ ጸልዩ።

ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ። በአንድ ወንድም ክፍል ውስጥ 11 ሰዎች ተሰብስበው ሒሳቡ ተነበበ። ሻይ የምትሸጠው እኅት የእርስዋ ድርሻ ስንት እንደ ነበረ ጠየቀች፤ ነገሯት፤ «እኔስ ከዚህ ያንሳል ብዬ ነበር» ብላ ሳቀች። ከኮሚቴው አንዱ ተነሥቶ ሁለቱን ሽማግሌዎች ይቅርታ ጠየቀ፤ አንደኛው ሽማግሌ ግን በዚያ አልነበሩም፤ በኡጋንዳ ሳሉ ዐርፈዋል። ከዚያም ዘመሩ። የትኛውን መዝሙር እንደሆነ ግን አልጻፈልኝም።